የቁስል መደብ

ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 4 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለወይዘሮ እናትነሽ ወልደሩፋኤል፤ አንኮበር።

የአባትሽ የመሪጌታ ወልደሩፋኤል አምላክ ጤናሽንና ደጅሽን ይጠብቅልኝ እያልኩ ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። እኔና ባለቤቴ ዘርፈሽዋል፣ ልጆቻችንም፣ ስሙ ይመስገንና በሕይወት አለን።

እታለም፣ ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜሽ አይደለም። መንገዱ ሰው የማያሳልፍ ሆኖብኝ ነው። ድሬዳዋ ከጣልያን የባቡር ሠራተኞች ጋር ሳለሁ የለቀምኩት ቋንቋቸው ዛሬ እንጀራ ሆኖኝ፣ መንግሥታቸው እዚህ ከምሽጉ አጠገብ በከፈተው ሕክምና ቤት አስተርጓሚ ሆኛለሁ። ክፉ ሥራ አይደለም። ታማሚው ሕመሙን ሲናገር ለሐኪሙ እነግራለሁ፣ ሐኪሙ ያለውን ደግሞ ለታማሚው እመልሳለሁ።

ይህ ሐኪም ዕፅዋት የሚወድ ሰው ነው። የአገሩ ሰው በምን እንደሚታከም ሲጠይቀኝ አባትሽ ያስተማሩንን እነግረዋለሁ። ታዲያ ስም ብቻ መቁጠር ምን ይረባል? ከሕክምና ቤቱ ጓሮ ባዶ መሬት ስላለ እንድተክልበት ፈቅዶልኛል። አባትሽ አባት የሌለኝን ልጅ ከወንድምሽ ከገብረ ጻድቅ ሳይለዩ፣ እናንተን ባጎረሱበት እጅ አጉርሰው ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። ጓሯቸው በአንቺ እጅ መኖሩን ሳስብ ደስ ይለኛል። ከጤና አዳሙ፣ ከዳማከሴው፣ ከጦስኙ፣ ካለሽ ሁሉ ችግኝ ብትልኪልኝ ክረምቱ ሳይገፋ እተክለዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የአሊዩ አምባው ነጋዴ ዓወል ነው፤ ችግኙንም ለእሱ ብትሰጪው የታመነ ነው።

ገብረ ጻድቅስ እንዴት ነው? ወዴት ነው ያለው? ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

ናፋቂ ወንድምሽ
ኪዳነ ማርያም


አንኮበር፣ ሰኔ 23 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአቶ ኪዳነ ማርያም፤ ደብረ ብርሃን።

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። ዘርፈሽዋልንና ልጆቹን ሳምልኝ። እኔ ከጉሙና ከብርዱ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ዓወል ደጄ ላይ ቆሞ ደብዳቤህን ሲሰጠኝ ገና ሳልከፍተው የእጅህን ጽሕፈት አወቅሁት። አባባ፣ «የኪዳነ ፊደል እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የእናትነሽ እንደ ሐረግ ይሳባል» ይሉ የነበረው ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን ከበደኝ። ከምሽጉ አጠገብ ነው ያልከው። እንግዲህ ሰው እንጀራውን ከየት እንደሚቆርስ እሱ ያውቃል፤ አልፈርድብህም።

ችግኙን ልኬልሃለሁ። ሥሩን ከነአፈሩ በእርጥብ ሣር ሸፍኜ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬዋለሁና እንደ ደረሰህ ሳታሳድር ትከለው። ጤና አዳም ውሃ የሚተኛበት መሬት ይጠላል፤ ከፍ ያለና ድንጋያማ ቦታ ስጠው። ዳማከሴውን የደብረ ብርሃን ውርጭ ይፈጅብሃል። ከጥቅምት ጀምሮ ሲመሽ ጭድ አልብሰው፤ ፀሐይ ስትወጣ ግለጥለት። ጦስኙ ራሱን ያውቃል። ኮሶ አልላክሁልህም፤ ዛፍ ነው፣ ለልጅ ልጅህ ካልሆነ ለአንተ አይደርስም።

ገብረ ጻድቅ ለንግድ ወደ ቆላ ወርዷል። ወሬውም አይደርሰኝ። ሰው ቢጠይቅህ ይህንኑ መልስ።

እኅትህ
እናትነሽ


ደብረ ብርሃን፣ መስከረም 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለወይዘሮ እናትነሽ።

ክረምቱን በሰላም አሳልፎ ለአበባ ያደረሰን ጌታ ይመስገን፤ ዓመቱን የደስታ ያድርግልሽ።

እታለም፣ ከላክሽው ውስጥ የሞተብኝ ጥቂት ነው። ሐኪሙ በየጧቱ እየመጣ ቅጠሉን በጣቱ አሽቶ ያሸታል። አሁን ደግሞ ስለ ቁስል መድኃኒት እየጠየቀኝ ነው። አባባ በአቱችና በአህያ ጆሮ እንዴት ያለ ቁስል ያድኑ እንደ ነበር ነግሬው ተደነቀ። ከሁለቱም ብትልኪልኝ እወዳለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነጭ የቁስል መጠቅለያ ጨርቅና ቁስል የሚያጥብ መድኃኒት በዓወል እጅ ልኬያለሁ። ከጨው ጆንያው ውስጥ ደብቆ ያመጣልሻል። ለማን እንደሚሆን አልጠይቅም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ግን አልረሳሁም።

ለኅዳር ሚካኤል ፈቃድ አግኝቼ ልመጣ አስቤያለሁ። የአባባን መቃብር ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው።

ወንድምሽ
ኪዳነ ማርያም


አንኮበር፣ ጥቅምት 8 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለኪዳነ ማርያም።

ስለ ላክህልኝ ሁሉ እሱ መድኃኔዓለም ይክፈልህ። ጨርቁ በጭንቅ ቀን ደረሰ። ባለፈው ደብዳቤዬ ክፉ አሳቤ አሸንፎኝ አፌን ዘግቼብህ ነበር፤ አሁን ግን ልቤ አረፈ።

አቱችም የአህያ ጆሮም ለጊዜው የሚተርፍ የለኝም። ለምን እንዳልተረፈኝ ስትመጣ በዓይንህ ታያለህ። ና። ጠላው ይጠነሰሳል፤ የአባባ አልጋም ላንተ ይነጠፋል።

እኅትህ
እናትነሽ


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 21 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴም ለእኅቴም ለእናትነሽ።

ያበላሽኝን ያጠጣሽኝን እግዚአብሔር በሰማይ ቤት ይቁጠርልሽ። በደኅና ገባሁ።

እታለም፣ በአባባ ጓሮ ውስጥ አብረን ስንዞር የልጅነቴ ዘመን የተመለሰ መስሎኝ ነበር። ድሮ የእንስላል ቦታ የነበረው ሁሉ እስከ አጥሩ ድረስ አቱችና የአህያ ጆሮ የሞላበት የቁስል መደብ ሆኖ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ጓሮ ማንበብ ለተማረ ሰው መናገር አያስፈልግም።

ከገደሉ ሥር ያገናኘሽኝ «ከቆላ የተመለሰው ነጋዴ» ጭኑ ቶሎ ይዳንለት። ጨርቁን በገዛ እጄ ስጠቀልልለት አንገቴን አቅፎ የሳመኝ መቼም አይረሳኝም። ለመሆኑ እስኪሽለው ድረስ ከዚያው ከዋሻው ይቆያል ወይስ ወደ ሌላ ይዛወራል? ብርዱ አሳስቦኝ ጋቢ ልልክለት ፈልጌ ነው። በደብዳቤ ባትጽፊውም ለዓወል በቃል ንገሪው፤ እሱ ይነግረኛል።

ወንድምሽ
ኪዳነ ማርያም


አንኮበር፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለኪዳነ ማርያም።

ኪዳነ፣ ቤታችን ፈረሰ። ገብረ ጻድቅን ወሰዱት። አሁን መሸፋፈኑ ምን ያደርጋል፤ ስሙን አውጥቼ እጽፈዋለሁ።

እስከ ገና ከቦታው እንደማይንቀሳቀስ ለዓወል የነገርኩት ደርሶህ ይሆናል። በጉም ተሸፍነን ባለንበት ጧት ወታደርና ባንዳ መንደሩን ሞላው። የማንንም ቤት አልፈተሹም። ቀጥ ብለው ወደ ገደሉ ወረዱ። ጥይት ሲተኮስ አልሰማሁም፤ መቆም የማይችል ሰው በምኑ ይዋጋል? በቃሬዛ ተሸክመው በደጄ በኩል ሲያሳልፉት ወደ እሱ ሮጥኩ። አንዱ በሰደፍ ገፋኝ። ገብረ ጻድቅ ቀና ብሎ፣ «እነሱ ፊት አታልቅሺ» አለኝ። አላለቀስኩም። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ከሄዱ በኋላ ደግሞ የቀሩት ወደ ጓሮዬ ገቡ። ያደረጉትን እስካሁን አእምሮዬ አልተቀበለውም። ጤና አዳሙን አልፈው ሄዱ። ዳማከሴውን አልነኩም፤ ጦስኙንም፣ ፌጦውንም፣ ቀበርቾውንም አልነኩም። የአቱቹንና የአህያ ጆሮውን መደብ ብቻ ከሥሩ ነቅለው በጫማቸው ረግጠው ሄዱ። ቤቴን አላቃጠሉም። የመንደሩ ሰው ሁሉ ገረመው። ከዚህ ላነሰ ነገር ቤት ሲቃጠል አይተናልና።

ማን እንደ ጠቆመ አላውቅም። ከአጥሩ ማዶ ያለው ገብረመንፈስቅዱስ ባለፈው ሰሞን ወደ ከተማ ሄዶ እንደ ነበር ሰምቼ ጠርጥሬዋለሁ። ትናንት «እንደምን አደርሽ» ሲለኝ ፊቴን አዞርኩበት።

ወንድሜ፣ አንተ ከእነሱ ቅርብ ነህ። እኔ ሌላ ሰው የለኝም። የት እንዳደረሱት፣ ቁስሉን ማን እንደሚያጥብለት አጣራልኝ። ስለ አባባ ነፍስ ብዬ እለምንሃለሁ።

እናትነሽ


ደብረ ብርሃን፣ ጥር 16 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለእናትነሽ።

አይዞሽ፤ የሚያጽናናው ጌታ ካንቺ ጋር ይሁን። መልሴ የዘገየው እርግጡን ሳልይዝ ላለመጻፍ ብዬ ነው።

ገብረ ጻድቅ በሕይወት አለ። እዚሁ ሕክምና ቤት፣ ዘበኛ በቆመበት ክፍል ተኝቷል። እኔ ስለ ለመንኩት ሐኪሙ በራሱ እጅ ያክመዋል። ይሁን እንጂ የፈረንጁ መድኃኒት ቁስሉን አላደረቀውም፤ የእኛን እንድሞክርለትም ተፈቅዶልኛል። አቱችና የአህያ ጆሮ ከጫካም ቢሆን ለቅመሽ፣ አድርቀሽ በዓወል እጅ ላኪልኝ።

አደራሽን፣ ለመምጣት እንዳታስቢ። የእስረኛ ዘመድ ሲመጣ አብረው ያስሩታል። ለማንም አትንገሪ፤ ለንስሓ አባትሽም ቢሆን።

ወንድምሽ
ኪዳነ ማርያም


አንኮበር፣ ጥር 28 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለመከታዬ ለኪዳነ ማርያም።

እግዚአብሔር ዘርህን ይባርከው። ልጆችህ ወግ ማዕረግ ይዩልህ። ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ ከደጁ ላይ ተቀመጥኩ።

ካልተረገጠው ሥር የተረፈ ነበርና መደቡን እንደገና አቅንቼዋለሁ። የጎደለውን ከገደሉ አፋፍ ለቀምኩ። ቅጠሉን በጥላ እንጂ በፀሐይ አላደረቅሁትም። ለብቻው የወቀጥኩት በቀይ ጨርቅ የታሰረው ነው፤ በማርና በንጥር ቅቤ ለውሰህ ጧት ብቻ ቀባው። አፉ ቶሎ እንዳይገጥም ተጠንቀቅ፤ ከውስጥ ሳይጠራ ከላይ የገጠመ ቁስል ይገድላል። ይህን አንተም ታውቀዋለህ።

ለሚካኤል ጃንጥላ ተስያለሁ።

እባክህ ምን እንደሚበላ ንገረኝ። ይተኛል? ስለ እኔ ይጠይቃል?

እኅትህ
እናትነሽ


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 19 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናትነሽ።

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ቁስሉ እየጠራ ነው። ገብረ ጻድቅም «እጅሽ ይባረክ» ብሎሻል። ሾርባ ይጠጣል፤ ሌሊቱንም ይተኛል።

ሐኪሙ በዚህ ተደስቶ ሌላውንም ማየት ይፈልጋል። እሱ ከተደሰተ ለወንድማችን እንደሚበጀው አንቺም አትስቺውም። የቀበርቾ ሥር፣ የኮሶ አበባ፣ የእንዶድ ፍሬ፣ ግዛዋ ከነቅጠሉ ላኪልኝ። አቱቹንም ከእንግዲህ አትውቀጪው። ከነአበባው ከነሥሩ ዘርግተሽ፣ በሁለት ጨርቅ መካከል ድንጋይ ጭነሽበት፣ ሳይታጠፍ ይድረቅ።

ኪዳነ ማርያም


አንኮበር፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለኪዳነ ማርያም።

የትንሣኤው ብርሃን ለቤትህ ይድረስ።

ያዘዝከኝን ሁሉ ልኬያለሁ። ግዛዋውን ፍለጋ ወደ አሊዩ አምባ መንገድ ወርጄ ዓወልና ሚስቱ ኡሙሀኒ አብረውኝ ለቀሙ። ነገር ግን አልገባኝም። ያልተወቀጠ ቅጠል ለቁስል ምን ያደርጋል? አባባ እንዲህ አድርገው ሲያደርቁ አላየሁም።

ቁስሉ ከጠራ መጻፍ አያቅተውም። ስሙን ብቻ በእጁ ጽፎ ላክልኝ። ወይም አንድ ቃል እሱ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቀህ ላክልኝ። ተጠራጥሬህ አይደለም፤ ናፍቄው ነው።

እናትነሽ


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናትነሽ።

እንደምን ከርመሻል። እስረኛ ወረቀት መንካት አይፈቀድለትም፤ እንዲህ ያለውን ነገር እየጠየቅሽ ችግር ላይ አትጣይኝ። ደኅና ነው፤ ወፍሯል፤ በምርኩዝ መሄድ ጀምሯል። ለመስቀል ምሕረት ስለሚታወጅ ይፈታል የሚል ተስፋ አለ። እስከዚያ መላኩን አታቋርጪ። ያለፈው እሽግ በዝናብ ሻግቶ ስለ ደረሰ እንደገና ያስፈልጋል።

ኪዳነ ማርያም


አንኮበር፣ ጥቅምት 3 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለኪዳነ ማርያም።

መስቀል መጣ። ገብረ ጻድቅ ይገባል ብዬ ቤቱን ለቀለቅሁ፤ በግም አዘጋጀሁ። ደመራው ነደደ፤ አመዱም በረደ፤ ማንም አልመጣም። ከዚያ በላይ መታገሥ አቃተኝ።

ኡሙሀኒ በርበሬ ልትሸጥ ወደ ደብረ ብርሃን ስትወጣ ሻሿን አከናንባኝ አብሬያት ሄድኩ። በገበያው መካከል ስንሄድ ሰው ሁሉ የአሊዩ አምባ ሴት አድርጎ አለፈኝ። ከምሽጉ በታች በበሬሳ ወንዝ ዳር አንዲት ሴት የሕክምና ቤቱን አንሶላና ፋሻ ታጥባለች። አመተ ማርያም ትባላለች። አጠገቧ ተቀምጬ እግሬን እየታጠብኩ ከአንኮበር በቃሬዛ የመጣው፣ ጭኑ ላይ የቆሰለው ሰው እንዴት እንደ ሆነ ጠየቅኋት።

እጇን ከውሃው አወጣች። «ምንሽ ነው?» አለችኝ።

«ያገሬ ሰው ነው» አልኳት።

«እንግዲያ እግዚአብሔር ያጥናሽ። እሱ እኮ ሳምንቱን አልሞላም። የተኛበትን ብርድ ልብስ ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ኡሙሀኒ «ኢና ሊላሂ» ብላ ያዘችኝ። ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የቀረውን ነገረችኝ። ጓደኞቹ የት እንዳሉ እየጠየቁ ሲመረምሩት ያስተረጎምከው አንተ ነህ። ገና አንተን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ለአንተም ለእነሱም አንድ ቃል አልመለሰም። ከምሽጉ በስተጀርባ ወስደው ገደሉት። ሲወስዱት አንተም አብረህ ወጥተሃል።

እኔ የላክሁትንም ጠየቅኋት። ሐኪሙ በወረቀት ላይ እየለጠፈ፣ በሣጥን እያሸገ ወደ አገሩ ይሰድደዋል አለችኝ። ስሙን የምትነግረው አንተ ነህ። ለዚህም ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ሰጥተውሃል።

ከዚያ ወደ ሕክምና ቤቱ አጥር ሄድኩ። አየሁህ ኪዳነ። ጎንበስ ብለህ ዳማከሴውን ጭድ ታለብሳለህ፤ ልክ እንደ ጻፍኩልህ። ቀና ብለህ ወደ እኔ አየህና አላወቅኸኝም። ልጠራህ ነበር። ሳልጠራህ ተመለስኩ።

ወደ ቤት እስክደርስ ድረስ አንድ ነገር ብቻ በልቤ ሲመላለስ መጣ። የዚያን ቀን ጓሮዬ የገቡት ወታደሮች ዳማከሴን ከጤና አዳም የሚለዩ ሰዎች አልነበሩም። አቱች የቁስል መሆኑን፣ የትኛው መደብ ለማን እንደ ተተከለ የሚያውቁ ሰዎች በዓለም ላይ ሦስት ነበርን፤ አባባ ያስተማሯቸው ሦስት ልጆች። አንዱ በቃሬዛ ላይ ነበር። አንዷ በሰደፍ ተገፍታ ወድቃ ነበር። ዋሻውንም ያሳየሁት ለአንተ ብቻ ነው። ይዤህ የወረድኩት እኔ ነኝ። እጅህን ይዤ፣ እንዳትወድቅ እየደገፍኩህ።

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል እሰማ ነበር።

ሞተ ብትለኝ ምን ነበረበት? ፀጉሬን ነጭቼ አልቅሼ እቀብረው ነበር፤ ሬሳ ባይኖር እንኳ በልብሱ አለቅስ ነበር። አንተ ግን «ተሻለው» አልከኝ። ለሞተ ሰው ቅጠል አስለቀምከኝ። ለሞተ ሰው ጃንጥላ ለሚካኤል አስገባሁ፤ በቅዳሴ ቆሜም «ከሞት አዳንክልኝ» ብዬ አመሰገንኩ። ፍትሐት አልተፈታለት፣ አርባው አልወጣለት፣ ሙት ዓመቱ ሊደርስ ነው። እኔ እኅቱ በሰንበት ስስቅ የሰው ሠርግ ላይ ስዘፍን ከረምኩ። ይህን ጣልያን አላደረገብኝም። ይህን ያደረግኸው አንተ ነህ።

ለገብረመንፈስቅዱስ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኩት። አሥር ወር ሙሉ ሰላምታ የነፈግሁት ሰው አንሥቶኝ አብሮኝ አለቀሰ።

እናትነሽ


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 17 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለእናትነሽ።

ሰው የነገረሽን ሁሉ አትመኚ። አንቺ የምታውቂው አንድ ወገኑን ነው። እኔ እዚህ «የሽፍታ ዘመድ» ተብዬ ስሜ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። እኔ ባልናገር ሌላ ይናገር ነበር። ያን ጊዜ መንደሩ ሁሉ በእሳት ይጠፋ ነበር። ቤትሽ በማን ልመና እንደ ቆመ አስቢ። በሕይወት አለ ያልኩሽም ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ነው።

አሁንም ቢሆን መላኩን ብታቆሚ ሐኪሙ ምክንያቱን ይጠይቀኛል። ስለ እኔ ባይሆን ስለ ልጆቼ ብለሽ ጥቂት ጥቂት ላኪልኝ።

ኪዳነ ማርያም


ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 19 ቀን 1933 ዓ.ም.

ይድረስ ለክብርት እኅቴ ለወይዘሮ እናትነሽ ወልደሩፋኤል፣ ስለ አገሩ ነፃነት ደሙን ላፈሰሰው ለጀግናው ወንድማችን ለገብረ ጻድቅ እኅት።

ጠላትን ከምድራችን ነቅሎ ነፃነታችንን የመለሰልን የኢትዮጵያ አምላክ ስሙ ለዘለዓለም የተመሰገነ ይሁን። እንኳን ለዚህ ቀን አበቃሽ፤ እንኳንም አብሮ አበቃን።

እታለም፣ ለመጨረሻው ደብዳቤዬ መልስ አለመስጠትሽ ሐዘንሽ ጥልቅ ቢሆን ነው ብዬ ተረድቼዋለሁ። ያለፈው አልፏል። አሁን የምጽፍልሽ ተጨንቄ ነው። አርበኞች ከተማውን ከያዙ ወዲህ የጠላት አስተርጓሚ ነበርክ ተብዬ በዘበኛ ተይዣለሁ። ጉዳዬን የሚመለከቱ ሽማግሌዎች የአንኮበር ሰው ስለ ሆንኩ የአንኮበር ሰው ምስክርነት ይፈልጋሉ። አንቺ ደግሞ ስምሽ በአርበኞቹ ዘንድ የተከበረ ነው፤ በመድኃኒትሽ ያልዳነ የለም ይላሉ።

የቁስል ጨርቅና መድኃኒት በጨው ጆንያ ደብቄ ልኬልሽ እንደ ነበር አንቺው ታውቂያለሽ። ውሸት ተናገሪ አልልሽም። ይህን እውነት ብቻ ብትናገሪልኝ፣ በሥውር አርበኞችን ስረዳ እንደ ነበር ይገባቸዋል። ሌላውን ማንሣት ለማንም አይጠቅምም፤ የሞተውንም አያስነሣም። አባባ በሕይወት ቢኖሩ «ልጄን አድኚልኝ» ይሉሽ ነበር።

እግርሽ ላይ የወደቀ ወንድምሽ
ኪዳነ ማርያም


አንኮበር፣ ሰኔ 3 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለኪዳነ ማርያም።

ሽማግሌዎቹ ወደዚህ ልከው ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከዋርካው ሥር ተቀምጠው አስጠሩኝ። ዓወልንና ገብረመንፈስቅዱስንም ጠርተዋቸዋል።

ጨርቅና መድኃኒት ልኮ ነበር ወይ አሉኝ። አዎን፣ አንድ ጊዜ ልኳል፤ ብዙ ሰውም ታክሞበታል አልኳቸው። ዓወልም ወላሂ እውነት ነው ብሎ መሰከረልህ። ወንድምሽን ያስያዘው እሱ ነው ወይ አሉኝ። ዋሻውን ያሳየሁት ለእሱ ብቻ ነው አልኳቸው። ወደ ጓሮዬ ይዣቸው ገብቼ፣ ተነቅሎ የነበረው መደብ የቱ እንደ ሆነ፣ ያልተነካውም የቱ እንደ ሆነ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ጻፍክልኝ ስለ ገብረ ጻድቅ «መዳን»፣ ስለ ላክሁትም ቅጠል ነገርኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እሳቸውም ልጃቸው የት እንደ ወደቀ አያውቁም።

«ምን ይደረግ ትያለሽ?» አሉኝ። ይሙትም አላልኩ፤ ይማርም አላልኩ። ያየሁትን ለመናገር እንጂ ለመፍረድ አልተጠራሁም አልኳቸው።

ለመሆኑ ምንሽ ነው ሲሉኝ፣ «አባቴ ያሳደጉት ነው» አልኳቸው። ሌላ ስም ልሰጥህ ፈልጌ አፌ አልታዘዘኝም።

አባባ ቢኖሩ ምን ይሉ እንደ ነበር አትንገረኝ። እሳቸው ዘመናቸውን ሙሉ ለጠየቃቸው ሁሉ መድኃኒት ሲቆርጡ ኖረው፣ የታማሚ ዋሻ ለገዳይ የሚያሳይ ልጅ ማሳደጋቸውን ሳያውቁ ሞተዋል።

ባለፈው ሳምንት ባሏ ከጣልያን ጋር አብሮ የሸሸባት አንዲት ሴት ልጅዋን አዝላ መጥታ ነበር። ዳማከሴ ቆርጬላታለሁ። ያንተም ልጆች ቢታመሙ ዘርፈሽዋል ትምጣ፤ ምንም አልነፍጋትም። እሷ ምን አደረገች? አንተ ግን ብትፈታም ባትፈታም ደጄን አትርገጥ።

ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ቀርቶኛል። አመተ ማርያም ከምሽጉ በስተጀርባ መሆኑን እንጂ ገብረ ጻድቅ የወደቀበትን ቦታ ለይታ አታውቅም። አንተ ታውቃለህ፤ አብረሃቸው ወጥተሃልና። ከሰኔ ሚካኤል በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ቄሶችና የመንደሩን ሰው ይዤ አፅሙን ላነሣ እመጣለሁ። ሽማግሌዎቹ አንተን ከዘበኛ ጋር ወደ ቦታው ሊያመጡህ ፈቅደዋል።

ስንደርስ በጣትህ አሳየን። ስሙን ግን አትጥራ።

እናትነሽ